ብስክሌተኛ ለብስክሌተኛ ሰላምታ

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ሥራ የምሄደውም በብስክሌት። የማላውቃቸው ብስክሌተኞች እጃቸውን አንስተው ሰላም ይሉኛል። ለሁሉም መመለስ አለብኝ? እጄን ከመሪው ማንሳት ያስፈራኛል።

መልስ፦ ግዴታ የለብዎትም፤ ቢመልሱ ግን ደስ ይለኛል። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ብስክሌተኛው ብዙ ነው። በሥራ መግቢያ ሰዓት ለሁሉም ሰላም ልበል ካሉ ከፊትዎ የሚታጠፈውን ባጃጅ ሳያዩት ይቀራሉ። በከተማው ውስጥ ለሚያውቁት፣ ለታላቅዎና ዐይን ለዐይን ለተገጣጠሙት ሰው ይበቃል። ወደ ጢስ ዓባይ ሲወጡ ግን ማንንም ዝም ብለው አይለፉ። ጎማዎ ቢተነፍስ ቆሞ የሚረዳዎት ያ ሰው ሊሆን ይችላል።

ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። አንድ እጅ ሲነሳ አንዱ ፍሬን ከእጅዎ ይወጣል። የቀረልዎት የፊተኛው ብቻ ከሆነና ደንግጠው አጥብቀው ከያዙት፣ የኋላው ጎማ ተነስቶ በመሪው ላይ ሊጥልዎት ይችላል። ስለዚህ የትኛው እጅዎ የትኛውን ፍሬን እንደሚይዝ ዛሬውኑ ይዩ። ቁልቁለት፣ መታጠፊያና ጉድጓድ ያለበት ቦታ ላይ እጅ ፈጽሞ አይነሳም።

ደግሞስ እጅ ማንሳት ለምን ያስፈልጋል? አንገትን ሰበር አድርጎ እጅ መንሳት የቆየ ባህላችን ነው፤ ለታላቅም ለታናሽም ያምራል፣ ሁለቱም እጆች መሪው ላይ እንደሆኑ ይቆያሉ።

አንዱን ግን እንደ ግዴታ ይቁጠሩት፦ ከኋላ መጥተው ሰው ሲቀድሙ ገና ሳይደርሱበት ደወል ይደውሉ፣ ወይም ድምፅዎን ከፍ አድርገው «ሰላም፣ በግራ ነኝ» ይበሉ።