እማዬ የት ትቀመጥ?

እስቲ ስልኩን ወደኔ ዘወር አድርጊው። ሁለቱን የኤሌክትሪክ መኪኖች ጎን ለጎን አድርገሽ ማየትሽን ወድጄዋለሁ፤ ያልወደድኩት የጀመርሽበትን ቦታ ነው። ቢዋይዲ ሶንግ ፕላስ «በአንድ ቻርጅ 605 ኪሎ ሜትር» ይላል፣ ቮልስዋገን አይዲ ሲክስም ወደ 600 ይጠጋል። ከዚህ ቁጥር ከተነሣሽ ሁለቱ እኩል ይሆኑብሽና ምርጫው ወደ ዋጋና ወደ ቀለም ይወርዳል። ቀለሙን ለጊዜው ተይው።

ሰው እንቁጠር። አንቺ፣ ባለቤትሽ፣ ሦስቱ ልጆች፣ እማዬ። ስድስት ናችሁ። ሶንግ ፕላስ ጎበዝ መኪና ነው፣ የሚይዘው ግን አምስት ሰው ነው። እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ፣ ለበዓል ዘመድ ቤት ስትወጡ፣ ትንሿ በማን ጭን ልትቀመጥ ነው? «ቅርብ ነው፣ እይዛታለሁ» እንደምትዪ አውቃለሁ፤ ሁላችንም እንደዚያ አድገናል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ሲጋጭ ግን ጭን ላይ ያለች ልጅ በእናቷም በአባቷም ክንድ አትያዝም፣ የቱንም ያህል ጉልበት ይኑራቸው። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ወንበርና የራሱ ቀበቶ ይኑረው። ትንሿማ የልጅ ወንበር ያስፈልጋታል፤ አይሶፊክስ የሚሉት ማሰሪያ በሁለቱም መኪኖች ሁለተኛው ረድፍ ላይ አለ። በዚህ ነገር አልለሳለስልሽም።

ስለዚህ ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገርሽ፦ ለናንተ ቤት አይዲ ሲክስ ይሻላል። ሰባት ወንበር ያለውም ስድስት ወንበር ያለውም አለ፤ አንቺ ስድስቱን ፈልጊ። በሰባቱ መሀል ላይ አንድ ወጥ አግዳሚ ወንበር ስላለ፣ ልጆቹ ወደ ኋላ ለማለፍ ወንበሩ መታጠፍ አለበት፤ እማዬ በዚያ ጉልበቷ በየፌርማታው እየወረደች ልታሳልፋቸው ነው ማለት ነው። በስድስቱ መሀል ላይ ያሉት ሁለት ለየብቻ የቆሙ ወንበሮች ናቸው፤ ልጆቹ በመካከላቸው ሾልከው ወደ ኋላ ይገባሉ፣ እማዬ ከቦታዋ አትነሣም።

እማዬን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ማስቀመጥ ግን እንዳታስቢ። ባትሪው ከወለሉ ሥር ስለተነጠፈ ወለሉ ከፍ ይላል፣ ኋላ የተቀመጠ ትልቅ ሰው ጉልበቱ ወደ ደረቱ ይጠጋል። እዚያ ሁለቱ ትልልቆቹ ልጆች ይሁኑ። ሌላው ማወቅ ያለብሽ፣ ሦስተኛው ረድፍ ሲዘረጋ ለዕቃ የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ነው። ስድስት ሆናችሁ ሀዋሳ ስትወርዱ ሻንጣው ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ ጣሪያ ላይ የወጣ ዕቃ ደግሞ ከነፋስ ጋር እየታገለ ባትሪ ይበላል። ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው፣ ልደብቅሽ አልፈልግም።

አሁን ወደ 600ው እንመለስ። ቁጥሩ ከቻይና የሽያጭ ወረቀት የመጣ ነው። እዚያ የሚሠራበት ሲኤልቲሲ የሚባለው መለኪያ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመገናኛ ቦሌ በመኪና ሰልፍ ውስጥ ለምትሄጂው አንቺ ይህ ብዙም አይርቅም፣ ከተማ ውስጥ ወደ ቁጥሩ ትጠጊያለሽ። የአዳማን የፍጥነት መንገድ ይዘሽ 110 ስትነጂ ግን ሌላ ዓለም ነው። እኔ የምመክርሽ፣ ለረጅም መንገድ ከወረቀቱ ቁጥር ሲሶውን ቀንሰሽ አስቢ፤ ከቀረውም ላይ ባዶ እስኪሆን አትጠብቂ።

የአገራችንን ዳገትም ቁጠሪው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ላይ ናት፣ ሀዋሳ 1,700 አካባቢ። ስትወርጂ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ የተወሰነውን ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል፣ ደስ ይላል። ስትመለሺ ግን አይዲ ሲክስ ብቻውን 2.3 ቶን ይጠጋል፤ ስድስት ሰውና ሻንጣ ሲጨመርበት 2.7 ቶን ይደርሳል። ያንን ሁሉ 650 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሄዳል፤ ሜዳ ላይ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትሄጂበት ነው። ስለዚህ ከሀዋሳ መልስ ባትሪውን ሞልተሽ ተነሺ፤ ስትሄጂ የበቃሽ መጠን ለመልሱ ይበቃል ብለሽ እንዳትገምቺ። በዳገቱ ጉልበት ያንሰዋል ብለሽ ግን አትስጊ። የቤንዚን መኪና እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳበትና ይደክማል፣ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ላስምርልሽ። አይዲ ሲክስ 63.2 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያለውም 84.8 ያለውም አለ። ሶንግ ፕላስም በ2023ቱ ስሪት 71.8 እና 87 አለው። ማስታወቂያው ላይ ስሙ አንድ፣ ፎቶው አንድ ነው። «ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ብለሽ አትጠይቂ፤ «ባትሪው ስንት ኪሎዋት ሰዓት ነው?» በይ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበይ። የርካሽነቱ ምክንያት ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

ከመኪናው በፊት ደግሞ ቤትሽን እይ። እናንተ ከአከራያችሁ ጋር አንድ ቆጣሪ ነው የምትጋሩት። መኪናው ግቢ ከገባ በኋላ የመብራት ሒሳብ ጠብ እንዲሆን አልፈልግም። ዛሬ ሂጂና አነጋግሪያቸው፣ ለመኪናው ብቻ የሚቆጥር ንዑስ ቆጣሪ በራስሽ ወጪ አስገቢ፤ ጉርብትናውም ይጠበቃል። መስመሩም ከዋናው ማከፋፈያ ለብቻው የሚወጣ፣ የራሱ ብሬከር ያለውና የመሬት ሽቦው በትክክል የታሰረ ይሁን። ሳሎን ካለው ሶኬት ላይ በማራዘሚያ ገመድ አውጥቶ መኪና ቻርጅ ማድረግ አይቻልም፣ እንዳይሞከር። መደበኛው የእጅ ቻርጀር በ16 አምፔር 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል፤ የእንጀራ ምጣድ የሚስበው እንደዚያው ነው። ልዩነቱ ምጣዱ አንድ ሁለት ሰዓት ሠርቶ ይጠፋል፣ መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ያንኑ ይስባል። ቀጭን ሽቦ ለአንድ ሰዓት የቻለውን ለስምንት ሰዓት አይችልም፤ ይሞቃል፣ ሶኬቱ ይቀልጣል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን መናገር አልፈልግም። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓትም መኪናው ይነቀል።

ትልቅ ቻርጀር ካልገዛሽ ብለው ቢወተውቱሽ ግን አትቸኩዪ። ልጆቹን አድርሰሽ፣ ሥራ ሄደሽ፣ ዞረሽ ስትመለሺ በቀን ከ40 ኪሎ ሜትር አታልፊም። ለእሱ 8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበቃል። ይህንን የእጅ ቻርጀሩ በሁለት ሰዓት ተኩል ይመልሰዋል። ባለ 7 ኪሎዋቱ ትልቅ ቻርጀር ደስ የሚለው ከሩቅ መንገድ ማታ ገብተሽ ጠዋት መልሰሽ ስትወጪ ነው፤ ይህ ደግሞ ለናንተ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ገንዘቡን መጀመሪያ ሽቦው ላይ አውዪው።

ባትሪዎቹ በባሕርይም ይለያያሉ፤ ሶንግ ፕላስ በግልጽ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። የሱ ብሌድ የሚባለው ባትሪ ከብረት ፎስፌት የተሠራ ነው፦ ሙቀት ይችላል፣ ዕድሜው ረጅም ነው፣ እስከ 100 ብትሞዪውም አይከፋውም። እንዲያውም የሚያሳየው ፐርሰንት እንዳይዛባ በየጊዜው ሙሉ መሞላቱ ይጠቅመዋል። የአይዲ ሲክሱ ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለበት ነው። ለክብደቱ ብዙ ኃይል ይይዛል፣ ግን በየቀኑ 80 ላይ እንዲቆም አድርጊው፤ 100 የሚሞላው ሩቅ መንገድ በሚነሣበት ዋዜማ ብቻ ነው። ሞልቶ ለቀናት ፀሐይ ላይ ቆሞ እንዳይውል። ባለቤትሽ «ሙሉ ይሁን፣ መብራት ሊጠፋ ይችላል» የሚል ሰው ስለሆነ፣ ይህን ከአሁኑ ተስማሙበት። መብራት ሲጠፋም ሶንግ ፕላስ ተገቢው ገመድ ካለው ለፍሪጅና ለመብራት ኃይል ማውጣት ይችላል፣ አይዲ ሲክስ አይችልም። እናንተ አራት ብትሆኑ ኖሮ ያለ ብዙ ክርክር ሶንግ ፕላስን ነበር የምልሽ።

አይዲ ሲክስ በይፋ የተሸጠው ቻይና ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ስክሪኑ ቻይንኛ ነው፣ የስልክ መተግበሪያው የቻይና ቁጥር ይጠይቃል፣ የፋብሪካው ዋስትናም በግለሰብ አስመጪ በኩል እዚህ አብሮት አይመጣም። ሻጩ «ዋስትና አለው» ካለ ማን እንደሰጠው፣ የትኛው ጋራዥ እንደሚፈጽመው በወረቀት ያሳይሽ። ደግሞም ሁለት ዓይነት ነው፦ ፎሻን የሚሠራው ክሮዝ፣ ሻንጋይ የሚሠራው ኤክስ። ሞተሩና መሠረቱ አንድ ነው፤ መብራቱና ፓራውርቱ ግን ይለያያል። አንድ ቀን ተጋጭተሽ የፊት መብራት ስታፈላልጊ የሌላኛውን ገዝተሽ እንዳትመጪ። ቻርጅ ማድረጊያ ቀዳዳውም የቻይናው ዓይነት ነው፤ በየመንገዱ የምትጠቀሚባቸው ጣቢያዎች ያንን ገመድ እንዳላቸው ቀድመሽ አረጋግጪ፣ የአውሮፓው ለብቻ ነው። ሶንግ ፕላሱም ከቻይና ገበያ የመጣ ከሆነ የስክሪኑ፣ የመተግበሪያው፣ የዋስትናውና የቀዳዳው ነገር ይመለከተዋል። ነዳጅ የሚጠጣ የግል መኪና ማስገባት በ2024 መጀመሪያ ከተከለከለ ወዲህ የአይዲ ቤተሰብ በአዲስ አበባ ስለበዛ፣ የሚያውቀው መካኒክና ያገለገለ ዕቃ ማግኘት ከነበረው ቀሏል።

ልታዪው ስትሄጂ ስድስታችሁም ሂዱ። እውነቴን ነው። ስድስታችሁም ተሳፈሩና ጉብታ ባለበት፣ ኮብልስቶን ባለበት መንገድ ውሰጂው። የአይዲ ሲክስ የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት 2.96 ሜትር ነው፣ ከሶንግ ፕላስ በ20 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ሳሎን የመሰለው ምቾት የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ሙሉ ጭነት ይዞ ጉብታ ላይ ሆዱ የሚነካውም በዚያው ምክንያት ነው። ሆዱ ደግሞ ባትሪው ነው። ስለዚህ ጋራዥ ወስደሽ ወደ ላይ አስነሺውና ከሥር በዓይንሽ እይ፤ የተጎደጎደ፣ የተቧጨረ፣ አዲስ ቀለም የተቀባ ነገር ካለ ተዪው። የባትሪውን ጤንነት በመሣሪያ ያስነብቡሽ፣ በፐርሰንት። ትንሿን 12 ቮልት ባትሪም አስፈትሺ፤ መርከብ ላይና መጋዘን ውስጥ ወራት የቆመ መኪና እሷን ይገድላታል፣ እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሣም። ጎማዎቹን ተመልከቺ፦ በአብዛኞቹ አይዲ ሲክሶች የኋላው ከፊቱ ስለሚሰፋ አንዱን በሌላው ቦታ ማዞር አይቻልም፣ ስለዚህ የኋላው ቶሎ ካለቀ ወጪ ነው። የኋላውን ወለል ገልጠሽም ስኮርታ መኖር አለመኖሩን እይ። ከሌለ ከመኪናው ጋር ተደራድረሽ አስገዢ፤ ከዝዋይ ወዲያ ጎሚስታ የሌለበት ቦታ ላይ ከሦስት ልጅ ጋር መቆም ምን እንደሆነ አስቢው።

የኋላ ፍሬኑ የድሮው ዓይነት፣ ከበሮ ነው ብሎ የሚያስፈራራሽ ካለ ስሚውና እለፊው። አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው ሞተሩ ራሱ ስለሆነ ፋብሪካው አስቦበት ያደረገው ነው።

«ሌላ ገዢ አለ፣ ነገ ዋጋው ይጨምራል» ሲሉሽ ደግሞ ቀብድ አታስይዢ። ሽቦው ሳይዘረጋ፣ አከራዮችሽ ሳይስማሙ፣ መካኒኩ ከሥር ሳያየው የሚከፈል ገንዘብ የለም። ውሉ ሲጻፍም «አይዲ ሲክስ፣ ነጭ» ተብሎ ብቻ እንዳይቀር። የሻንሲ ቁጥሩ ከዲክላራሲዮኑ ጋር ተመሳክሮ ይግባ፣ የተመረተበት ዓመት፣ ክሮዝ ይሁን ኤክስ፣ የባትሪው ኪሎዋት ሰዓትና በመሣሪያ የተነበበው ጤንነት ይጻፍ። ሁለት ቁልፍ፣ የእጅ ቻርጀሩ፣ አስማሚ ካለውም እሱ፣ እያንዳንዱ በስሙ ይዘርዘር። ረቂቁን ከመፈረምሽ በፊት ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ማታም ቢሆን አነበዋለሁ።