ልደቷ ፍልሰታ ላይ ዋለ

ጥያቄ፦ የምኖረው ነፋስ መውጫ ነው። ልጄ ነሐሴ 12 ቀን 15 ዓመት ይሞላታል። ጓደኞቿን ጠርታ ኬክ መቁረጥ አምሯታል፤ እኔን ግን ጾሙም ወጪውም አሳስቦኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ቀኑስ የታደለ ነው! ነሐሴ 12 የቡሄ ዋዜማ ነው፤ ሙልሙል ይጋገራል፣ ማታ ችቦ ይበራል። እንቁላልና ወተት ያለበት ኬክ ግን እስከ ነሐሴ 15 በጾሙ አይበላም። ስለዚህ ድፎ ይድፉላት። ሊጡ ላይ ጥቁር አዝሙድ ጣል ያድርጉበት፤ ከላይም ከታችም እሳት አግኝቶ ጀርባው ሲቀላ ቤቱን የሚሞላው ሽታ ብቻውን ድግስ ነው። ሻማውም ድፎው ላይ ይቆማል። ሽሮና ሰላጣ ከታከለበት ይበቃል፤ ለዚህ ብለው አይበደሩ።

ከሁሉ በፊት ግን ልጅዎን ያማክሩ። በዚህ ዕድሜ የሚያስከፋው የድግሱ ማነስ ሳይሆን ሳይጠየቁ መቅረት ነው። እንግዶቹንም ዘፈኑንም እሷ ትምረጥ፤ ስድስት ሰባት ጓደኛ ይበቃል። ኬኩን የግድ ካለች፣ ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልሆነ፣ ለነሐሴ 16 ያቆዩላት።

የነፋስ መውጫ ክረምት ጉሙም ጭቃውም ከባድ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምረው 11 ሰዓት ላይ ይጨርሱ፤ ሩቅ ሰፈር ያሉትን ልጆች ሰው ይሸኛቸው።