ሳያካፍሉ ማወቅ

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ ብቸኛ ቁጥር የሚባለው ከ1ና ከራሱ በቀር ሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ የማያካፍለው ነው። ታዲያ 170,141,183,460,469,231,731,687,303,715,884,105,727 ብቸኛ መሆኑን ማን በሁሉም አካፍሎ አረጋገጠ?

መምህር፦ ማንም በሁሉም አላካፈለውም፤ ማካፈልም አላስፈለገም። ይህ ባለ 39 አኃዝ ቁጥር 127 ሁለቶችን አባዝተን 1 ስንቀንስ የሚገኘው ነው። አካፋዩን ከ2 ጀምረን በተራ እንፈልግ ብንል 13 ቢሊዮን ቢሊዮን ያህል ቁጥሮችን መሞከር ይኖርብናል፤ በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ጊዜ የሚያካፍል መሣሪያ እንኳ ከ400 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኤድዋርድ ሉካስ ግን በ1876 እ.ኤ.አ. ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን ብቸኛነቱን አረጋገጠ። ይህን ያስቻለው የቁጥሩ አሠራር ነው። አሜሪካዊው ሌመር በኋላ ያቀለለው መንገድ እንዲህ ይላል፦ ከ4 ተነሥተህ በራሱ አባዛ፣ 2 ቀንስ፣ ውጤቱን ለምትፈትነው ቁጥር አካፍለህ ቀሪውን ብቻ ይዘህ ቀጥል። 5 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ 31 ነው፤ እሱን እንፈትን። ከ4 ተነሥተን 14 እናገኛለን፤ ከ14 ደግሞ 194፤ 194 ለ31 ሲካፈል ቀሪው 8 ነው። 8 በራሱ ተባዝቶ 2 ሲቀነስ 62 ይሆናል፤ ይህም ለ31 ሲካፈል ቀሪው 0 ነው። የሁለቶቹ ብዛት ራሱ ከ2 የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር ከሆነ፣ እርምጃዎቹ ከዚያ ብዛት በ2 ያንሳሉ። በመጨረሻው እርምጃ 0 ከመጣ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ ካልመጣ አይደለም። ለዚያ ትልቅ ቁጥር 125 እርምጃ ይበቃል።

ጠያቂ፦ በ31 መሥራቱ በሁሉም ለመሥራቱ ዋስትና ይሆናል? የሰው እጅስ አይሳሳትም?

መምህር፦ ምሳሌ ዋስትና እንደማይሆን እኔም እስማማለሁ። 2፣ 3፣ 5 እና 7 ሁለቶችን አባዝተን 1 ብንቀንስ 3፣ 7፣ 31 እና 127 ይወጣሉ፤ ሁሉም ብቸኛ ናቸው። ከዚህ ተነሥቶ «ሁልጊዜ እንዲሁ ነው» የሚል ሰው በ11 ይሳሳታል፤ 2,047 የ23 እና የ89 ብዜት ነውና። የሉካስና የሌመር ሕግ ግን የቆመው በምሳሌ ላይ አይደለም፤ እንዲህ ላለው ቁጥር ሁሉ እውነት መሆኑ በማስረጃ ተረጋግጧል። 2,047ን ብትፈትንበት መጨረሻው 1,736 እንጂ 0 አይሆንም። የእጅ ስህተትን በተመለከተ፣ ስሌቱን ማንም ሊደግመው ይችላል፤ በኮምፒውተርም ተደግሞ ውጤቱ ያው ሆኗል። በ2024 እ.ኤ.አ. የተገኘው 41,024,320 አኃዝ ያለው ብቸኛ ቁጥርም በዚሁ ፈተና ተረጋግጧል።

ጠያቂ፦ ፈተናው «ብቸኛ አይደለም» ሲልስ አካፋዮቹን ይነግረናል?

መምህር፦ አይነግረንም። ከ67 ሁለቶች የሚገኘው ቁጥር ብቸኛ አለመሆኑን ሉካስ በዚያው በ1876 አሳየ፤ አካፋዮቹ 193,707,721 እና 761,838,257,287 መሆናቸውን ግን ፍራንክ ኮል ያቀረበው በ1903 ነው። አካፋይ መኖሩን ማወቅና የትኛው እንደሆነ ማወቅ ሁለት የተለያዩ ዕውቀቶች ናቸው። ስለዚህ ርግጠኝነት የሚገኘው ብዙ በመሞከር ብቻ ነው አትበል፤ የነገሩን አሠራር የመረመረ ሰው በ125 እርምጃ የሚደርስበት ላይ ቆጣሪው በዘመናት አይደርስም። አሁን ወረቀት አውጣና 127ን ራስህ ፈትን፤ በአምስተኛው እርምጃ 0 ታገኛለህ።