ጋዋን የለበሰ ሁሉ ነርስ አይደለም፦ እየሠሩ ነርሲንግ ስለሚማሩ ሰዎች

ሐረር አዲስ የመጣ ሰው ሐኪም ጋራ ሲባል ሰምቶ የዶክተሮች መንደር ሊመስለው ይችላል። አይደለም፤ ተራራው የተጠራው በአው ሐኪም ስም ነው። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችም ከዚህ ብዙም አንሻልም። ሆስፒታል ገብተን ጋዋን የለበሰ ካየን ወይ "ሐኪም" ወይ "ነርስ" ብለን ጽፈን እንወጣለን። ያ ሰው ግን ገና ነርሲንግ እየተማረ፣ የትምህርት ቤት ክፍያውን ለመሸፈን ታካሚ የሚያገላብጥ ረዳት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ስለ እሱ ጥቂት ለማለት ፈልጌያለሁ።

ይህ ሥራ በደንብ የታወቀው አሜሪካ ነው። እዚያ ያሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሲ.ኤን.ኤ. በሚባለው የነርስ ረዳትነት ጀምረው ነው ወደ ነርሲንግ ትምህርት የሚገቡት። እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት በአረጋውያን መጦሪያ ለመቀጠር ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠናና ፈተና ያስፈልጋል። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ከዚህም በላይ ይጠይቃሉ። ሥራው ታካሚ ማጠብ፣ ማብላት፣ ሽንት ቤት ማድረስ፣ የደም ግፊት መለካት፣ አልጋ ላይ የዋለውን ጀርባው እንዳይቆስል በየጊዜው ማገላበጥ ነው። ቀላል ይመስላል እንጂ ወገብ ይሰብራል። የሌሊት ተረኛ የነበረ ሰው ጠዋት ፋርማኮሎጂ ክፍል ሲገባ ምን ያህል ይገባዋል?

ከድካሙ ይልቅ እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ተማሪው ትምህርት ቤት መርፌ መውጋት ወይም የሽንት ቱቦ ማስገባት ተምሮ ሊሆን ይችላል። መምህሩ አጠገቡ ቆሞ ሲያየው ይሠራዋል። በማግስቱ በረዳትነት ሥራ ሲገባ ግን ያንኑ ቢሠራ ከተፈቀደለት ወሰን ማለፉ ነው። እጁ ያውቃል፣ የተቀጠረበት መደብ አይፈቅድም። ነርስ ስታጣ "አንተ ትችል የለ፣ ወጋልኝ" ብትለው እምቢ ማለት አለበት፤ ለአለቃ እምቢ ማለት ደግሞ ያው ለአዲስ ሠራተኛ ቀላል አይደለም።

ወደ እኛ ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። በሕይወት ፋናም ሆነ በጁገል ሆስፒታል፣ እንደ ሌሎቹ የአገራችን ሆስፒታሎች፣ ታካሚን የሚያበላውና የሚያጥበው በአብዛኛው ፔርሙዝና ሳህን ይዞ የመጣ አስታማሚ ዘመድ ነው። ስለዚህ የነርሲንግ ተማሪው ተቀጥሮ የሚገባበት ያ የመጀመሪያ ደረጃ እምብዛም የለም። ዋርድ የሚገባው ለተግባር ልምምድ ነው፤ ልምምዱ ደግሞ ለውጤት እንጂ ለደመወዝ አይደለም። ገንዘብ ከቸገረው ሯነር ሆኖ ታካሚና ናሙና ያመላልሳል፣ ጽዳት ወይም ካርድ ክፍል ይሠራል፣ ማታ ይማራል።

ድሮ ግን መሰላሉ ነበረ። በንጉሡ ዘመን ድሬሰር የሚባሉት ሆስፒታል ውስጥ ቁስል እያጠቡ ሠልጥነው፣ አንዳንዶቹ "አድቫንስድ ድሬሰር" ሆነው በገጠር ክሊኒክ ብቻቸውን ያክሙ ነበር። ልዕልት ፀሐይም በስደቱ ጊዜ ለንደን በሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ስትማር፣ የእንግሊዝ ሥርዓት ተማሪዋን ዋርድ ውስጥ እያሠራ የሚያስተምር ነበር። ትምህርቷን የጨረሰችው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። የንጉሥ ልጅ ከሌሎቹ ጋር አልጋ ስታነጥፍ ማሰብ ደስ ይላል።

በእኔ አስተያየት ሆስፒታሎቻችን ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪዎችን በሌሊት ተራ በረዳትነት ቢቀጥሩ ምን አለበት? ገጠር ቤቱን ዘግቶ መጥቶ አልጋ ሥር የሚያድረው አስታማሚም ትንሽ ያርፋል። ማን ይከፍላል የሚለው ከባድ ጥያቄ ነው። ማን ይቆጣጠራል የሚለው ደግሞ ከዚያም ይከብዳል፤ ረዳት ርካሽ ነው ተብሎ በነርስ ቦታ እንዲተካ ከተደረገ የሚጎዳው ታካሚው ነው። ስለዚህ ከዲፓርትመንታችን ለልምምድ ወደ ሆስፒታል የምትወጡ፣ ከስሙ ቀጥላችሁ የሥራ መደቡን ጠይቁ፤ ያ ሌሊት ስንት ታካሚ እንደያዘና በላዩ ነርስ እንደነበረችም ጠይቁ።