የችግር ዘመን መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ ስለ ማወቅ



በአንድ መንደር የሚኖሩ፥ መሬታቸው የሚስተካከል፥ ዝናቡም እኩል የሚዘንብላቸው ሁለት ቤተ ሰቦች አሉ እንበል። የአንደኛው እህል እስከ አዲሱ መኸር ያደርሳል፤ የሁለተኛው ግን ሰኔ ሳይገባ ያልቅና ክረምቱን በብድር ይገፋል። ጎረቤት ይህን ሲያይ ብዙ ጊዜ «ያኛው ብርቱ ነው፤ ይኼኛው ግን ሰነፍ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ይህ ሳይመዘን የተሰጠ ፍርድ ነው። ምርጥ ዘር ወይም ብድር የሚሰጥበት ቀን ሲደርስም ይኸው ፍርድ የአንዱን ስም ያስመዘግባል፥ የሌላውን ያስቀራል። ስለዚህ የኑሮን ደረጃ በግምት ሳይሆን በቁጥር ማወቅ ያስፈልጋል።

ለዚህ ትምህርት የሚረዳን ሲቦም ራውንትሪ የተባለው እንግሊዛዊ የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ (1871-1954) ያካሄደው ጥናት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ/ ጥናቱ እንዴት እንደ ተሠራ

ራውንትሪ በሰሜን እንግሊዝ በዮርክ ከተማ፥ የቸኮሌት ፋብሪካ ካለው ቤተ ሰብ የተወለደ ሰው ነበረ። በ1899 የከተማውን ሠራተኞች ኑሮ ለማወቅ ሲነሣ፥ ጥቂት ቤቶችን አይቶ ስለ ሌሎቹ መገመትን አልፈለገም። መዝጋቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ 11,560 የሠራተኛ ቤተ ሰቦችን፥ ይኸውም 46,754 ሰዎችን መዘገቡ። በየቤቱ ስንት ሰው እንደሚኖር፥ ስንት ክፍል እንዳለ፥ ኪራዩ ምን ያህል እንደ ሆነ፥ ማን ምን ሥራ እንደሚሠራ ተጻፈ።

ከዚያም ራውንትሪ መለኪያ አበጀ። ለጤንነትና ለሥራ ጉልበት ብቻ የሚበቃውን ርካሽ ምግብ፥ የቤት ኪራዩን፥ ልብሱን፥ ማገዶውንና መብራቱን አሰላ። ባል፥ ሚስትና ሦስት ልጆች ላሉበት ቤት በሳምንት 21 ሺሊንግ ከ8 ፔኒ እንደሚያስፈልግ ወሰነ። ይህ መለኪያ እጅግ ጠባብ ነው። በዚህ ገንዘብ የሚኖር ቤተ ሰብ ጋዜጣ አይገዛም፤ ርቆ ለሚኖር ልጁ ደብዳቤ የሚልክበት ቴምብር አይገዛም፤ ለቤተ ክርስቲያን አይሰጥም፤ ገንዘብ የሚያስወጣ እርዳታ ለጎረቤት አያደርግም። በእኛ አገር ኑሮ ብንመስለው፥ የዕድር መዋጮ የማይከፍል፥ ለለቅሶም ለሠርግም እጁን የማይዘረጋ ሰው ኑሮ ማለት ነው።

2ኛ/ ምን እንደ ተገኘ

መለኪያው ይህን ያህል ጠባብ ቢሆንም፥ ከከተማው ሕዝብ በጠቅላላው ከመቶ 28 ያህሉ በድህነት ይኖር ነበር። ከነዚህ ውስጥ 10 ያህሉ ገቢያቸው ሁሉ በብልሃት ቢወጣ እንኳ ከመለኪያው የማይደርስ ነበረ። የቀሩት 18 ያህሉ ደግሞ ገቢያቸው ለጥቂት የሚበቃ ሆኖ ሳለ፥ ከፊሉ ለሌላ ጉዳይ ስለሚውል የተቸገሩ ነበሩ። ከዚህም ወጪ አንዳንዱ ጠቃሚ፥ አንዳንዱም እንደ መጠጥ ያለ ብክነት ነበረ።

ገቢያቸው ፈጽሞ የማይበቃቸውን ሰዎች ምክንያት ራውንትሪ እንዲህ ለያቸው፤ ቁጥሩ ከመቶ ነው።

የቤቱ ራስ ዘወትር እየሠራ ደመወዙ አነስተኛ የሆነበት፦ 52
የልጆች ብዛት፦ 22
የቤቱ ራስ የሞተበት፦ 16
ሕመም ወይም እርጅና፦ 5
ሥራ ማጣት ወይም ሥራ መቆራረጥ፦ 5

ይህን ቁጥር ደጋግማችሁ ተመልከቱት። ከነዚህ ድኾች ከግማሽ የሚበልጡት አባታቸው ወይም ባላቸው ሳያቋርጥ ሥራ የሚሄድ ሰው ነበረ። በ1913 ራውንትሪ ከሜይ ኬንዳል ጋር ሆኖ የእንግሊዝን የእርሻ ሠራተኞች ኑሮ ሲመረምርም፥ ከጥቂት የሰሜን አውራጃዎች በቀር የተራው የእርሻ ሠራተኛ አማካይ ገቢ ከድህነት መለኪያው በታች ሆኖ ተገኘ። የአገሩን እንጀራ የሚያበቅለው ሰው ለራሱ ቤት አልበቃውም ማለት ነው። ይህን ስንፍና ብለን ልንጠራው አንችልም።

3ኛ/ አምስቱ የዕድሜ ዘመኖች

ከጥናቱ ሁሉ ለገበሬ ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ክፍል ነው። ራውንትሪ እንዳየው፥ የአንድ ሠራተኛ ሕይወት በችግርና በመጠነኛ ምቾት መካከል ይመላለሳል።

የመጀመሪያው የሕፃንነት ዘመን የችግር ነው፤ አፍ አለ፥ የሚሠራ እጅ የለም። ልጁ አድጎ ሥራ ሲጀምር ሁለተኛው፥ የምቾት ዘመን ይመጣል፤ አግብቶ ሁለት ሦስት ልጆች እስኪወልድ ይቆያል። ሦስተኛው፥ ልጆቹ ትንንሾች የሆኑበት ዘመን፥ እንደገና የችግር ነው። አራተኛው፥ ልጆቹ ሠርተው የሚያግዙበት ዘመን፥ የምቾት ነው። አምስተኛው፥ ልጆቹ ጎጆ ወጥተው ጉልበቱ የደከመበት እርጅና፥ ዳግመኛ ችግር ነው።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። በአንድ ቀን ቆጠራ ከድኻ መዝገብ የሚገኙት ሰዎች ጥቂት ሊመስሉ ይችላሉ፤ በዕድሜው በዚያ በር የሚያልፈው ሰው ግን እጅግ ይበልጣል። ዛሬ በጎረቤቱ የሚፈርደው ሰው ትናንት በዚያው አልፏል፥ ወይም ነገ ያልፋል።

4ኛ/ በገበሬ ቤት ሲሰላ

ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ብንይዝ፥ ባል፥ ሚስትና አራት ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት በዓመት 10 ኩንታል ከ80 ኪሎ ይፈልጋል። የሚሠሩት ሁለት ብቻ ስለ ሆኑ እያንዳንዳቸው 5 ኩንታል ከ40 ኪሎ ማምረት አለባቸው። ከዐሥር ዓመት በኋላ ሁለቱ ልጆች ለሥራ ሲደርሱ ግን የእያንዳንዱ ድርሻ 2 ኩንታል ከ70 ኪሎ ይሆናል። መሬቱ ያው፥ ሰዎቹም እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው የአፍና የእጅ ሚዛን ነው። ይህን ስንል ልጅ ከትምህርት ቤት ይቅር ማለታችን አይደለም።

ነገር ግን በዮርክና በእኛ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የዮርኩ ልጅ ሲያድግ ለቤቱ ደመወዝ ያመጣ ነበር። የገበሬ ልጅ ሲያድግ ጉልበት ያመጣል፥ መሬት ግን ይዞ አይመጣም፤ ጎጆ ሲወጣም ከአባቱ ማሳ ይካፈላል። ስለዚህ የገበሬ የምቾት ዘመን አጭር ነው፤ ሳይባክን ሊሠራበት ይገባል።

5ኛ/ ምን ማድረግ ይገባል

ሀ/ በየዓመቱ እህል ከተወቃ በኋላ የአፉን፥ የእጁን፥ የበሬውንና የኩንታሉን ቁጥር በደብተር ጻፉ። የዘሩን እህል አስቀድማችሁ ቀንሱ።

ለ/ ብዙ እጅ ባለበት ዘመን ጉልበት የሚጠይቀውን ሥራ ጨርሱ፤ እርከን ሥሩ፥ ጉድጓድ ቆፍሩ፥ የፍሬ ዛፍ ትከሉ። በ40 ዓመት የተተከለ ዛፍ በ60 ዓመት ያግዛል።

ሐ/ አፍ በዝቶ እጅ ባነሰበት ዘመን በሬ ከመሸጥና ዘር ከመብላት ተጠንቀቁ። አንድ በሬ ያለው በመቀናጆ ይረስ፤ ጉልበት ያነሰው ወንፈል ይግባ። ጎተራው ባዶ ሳይሆን ለልማት ጣቢያው ሠራተኛ አስታውቁ።

መ/ በቀበሌ ወይም በኅብረት ሥራ ማኅበር ለእርዳታና ለብድር ሰው የምትመርጡ ሁሉ፥ ከጠባዩ በፊት ቁጥሩን ጠይቁ። መዝገቡንም በየዓመቱ አድሱ፤ የአምና ድኻ ዘንድሮ ድኻ ላይሆን ይችላልና።

ቁጠባ ብቻውን ሁሉን አይፈታም። በብሪታንያ በ1908 የወጣው ሕግ ለሽማግሌዎች ጡረታ ሰጠ፤ ከ1946 ጀምሮም ከሁለተኛው ልጅ አንሥቶ ለልጆች ማሳደጊያ መከፈል ጀመረ። ሁለቱም ራውንትሪ ባመለከታቸው የችግር ዘመኖች ላይ የሚደርሱ ናቸው። በአገራችንም በ2005 የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ጉልበት ላለው በሥራ፥ ለደካማና ለአረጋዊ ያለ ሥራ ድጋፍ እንዲሰጥ ሆኖ ነው የተዘጋጀው። ራውንትሪ ራሱ በ1936 ጥናቱን ሲደግም መለኪያውን አሰፋ፤ ጋዜጣን፥ ሬዲዮንና የማኅበር መዋጮን ጨመረበት። ሰው በምግብ ብቻ አይኖርምና የዕድር መዋጮም ከኑሮ መለኪያ ሊገባ ይገባዋል።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ ዛሬ ስንት አፍ፥ ስንት እጅ አለ? ከአምስት ዓመት በኋላስ?
2. ከአምስቱ ዘመኖች በየትኛው ላይ ናችሁ?
3. በመንደራችሁ ሰነፍ የሚባለው ሰው ሚዛኑ ተቆጥሮለት ያውቃልን?