ዕቃን ከመነሻው እስከ ፍጻሜው መከታተል

ዕቃ ወደ ንብረት ክፍላችን ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣም በሞዴል 22 ይመዘገባል። ሰነዶቹ ግን ዕቃው ወደ እኛ ከመድረሱ በፊት የት እንደ ነበረ፣ ከእኛ ከወጣ በኋላም ወዴት እንደ ሄደ አይነግሩንም። በዚህ ትምህርት ባትሪን ምሳሌ አድርገን፣ ይህ ክፍተት በኢንተርኔት መሣሪያዎች እንዴት እንደሚሞላ እንመለከታለን።

መነሻውን ስለ ማወቅ

በብዙ ዕቃዎች ላይ ከጥቋቁር መስመሮች በታች ባለ 13 አኃዝ ቁጥር ታትሞ ይገኛል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች የተሠራበትን አገር ያመለክታሉ ሲባል ይሰማል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የሚያመለክቱት ኩባንያው ቁጥሩን ያገኘበትን ቢሮ ነው። ቁጥሮቹን የሚያድለው ጂ ኤስ ዋን የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት በድረ ገጹ ማጣሪያ አለው፤ ቁጥሩን ያስገባ ሰው የተመዘገበውን ኩባንያ ስም ሊያገኝ ይችላል። ስሙ በዕቃው ላይ ካለው ከተለየ ከግዥ በፊት ሻጩን መጠየቅ ይገባል።

የባትሪ ፓስፖርት

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ መሠረት፣ ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027 ጀምሮ በገበያው የሚቀርቡ የኤሌክትሪክ መኪናና ብስክሌት ባትሪዎች፣ እንዲሁም ከ2 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የሚይዙ የኢንዱስትሪ ባትሪዎች ዲጂታል ፓስፖርት ሊኖራቸው ይገባል። ኪውአር ኮዱን በስልኩ ያነበበ ሰው አምራቹን፣ የተመረተበትን ቦታና የተሠራበትን ንጥረ ነገር ያገኛል። ባትሪው ለሌላ አገልግሎት ሲዘጋጅ ከቀድሞው ጋር የተያያዘ አዲስ ፓስፖርት ይሰጠዋል፤ ወደ ጥሬ ዕቃነት ሲመለስ ፓስፖርቱ ያበቃል።

የእኛ ድርሻ

ይህ ሕግ አጥቢያዎቻችንን አያስገድድም፤ መንገዱ ግን ያስተምረናል። ኮድ ብቻውን የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚነግረን በየርክክቡ የተጻፈለትን ብቻ ነው። የመጀመሪያው ርክክብ የአምራቹ ሲሆን የመጨረሻው የእኛ ነው። ለመብራትና ለድምፅ ማጉያ የምንጠቀምበት፣ በተለምዶ የመኪና ባትሪ የምንለው፣ እርሳስና አሲድ ይዟል። እርሳሱ ቀልጦ ደጋግሞ ሊያገለግል የሚችል ብረት ነው። ባትሪው በየሜዳው ሲሰበር ግን አሲዱ መሬቱን ይበክላል፤ የእርሳሱም ብናኝ በአካባቢው በሚጫወቱ ሕፃናት ሰውነት ገብቶ የአእምሮ እድገታቸውን ይጎዳል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ በኢንተርኔት በጋራ የሚታይ አንድ ሠንጠረዥ ይክፈት። የባትሪው መለያ ቁጥር፣ የተገዛበት ቀንና ሻጩ፣ የተተከለበት ቦታ፣ ኃላፊው፣ ከአገልግሎት የወጣበት ቀንና የተረካቢው ስም ይመዝገብበት፤ የርክክቡም ፎቶግራፍ ይያያዝ። የተረካቢው ዓምድ ባዶ እስከ ሆነ ድረስ ባትሪው ቢበላሽም እንኳ ከኃላፊነታችን አልወጣም።

ለውይይት

1. ባለፉት ዓመታት ከአጥቢያችን የወጡ ባትሪዎች ዛሬ የት ናቸው?
2. በአካባቢያችን አሮጌ ባትሪ የሚገዛው ማን ነው? ወዴትስ ይወስደዋል?