ከአንዲት ጠብታ ደም የኤሊን ስም ማንበብ

ባለፈው የባዮሎጂ ውይይታችን ላይ ከመካከላችን አንዱ «እንስሳን ለመለየት ዓይን ካለ ላቦራቶሪ ምን ያደርጋል? ኤሊ እንደሆነች ኤሊ ናት!» ብሎ አሳቀን። በኋላ ስናስበው ግን የተሳሳተው እሱ ብቻ እንዳልሆነ ተረዳን። ቋንቋችን ራሱ በየብስ የምትሄደውንም በወንዝና በሐይቅ የምትኖረውንም ኤሊ ብሎ ይጠራል፤ ቢበዛ «የውሃ ኤሊ» ብለን እናልፋለን። በዓለም ላይ ግን ወደ 360 የሚጠጉ የኤሊ ዝርያዎች ያሉ ሲሆን፣ ከእነዚህ ከግማሽ የሚበልጡት የመጥፋት አደጋ የተደቀነባቸው ናቸው። ማን ማን እንደሆነ ሳይለዩ መጠበቅ እንዴት እንደሚያስቸግር የሚያሳይ አንድ ታሪክ ስላገኘን በዚህ እትም ይዘን ቀርበናል።

ታሪኩ የቬትናም ነው። በዋና ከተማዋ በሃኖይ መካከል ሆዋን ኪየም የሚባል ሐይቅ አለ፤ ትርጉሙም «የተመለሰ ሰይፍ» ማለት ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት የነበረው ንጉሥ ሌ ሎይ ጠላቶቹን ድል ካደረገ በኋላ ሰይፉን በዚህ ሐይቅ ውስጥ ለነበረች ኤሊ መለሰ ተብሎ ይተረካል። ታዲያ በዚህ ሐይቅ እስከ እ.ኤ.አ. 2016 መጀመሪያ ድረስ አንዲት ግዙፍ ኤሊ በእውነት ትኖር ነበር። ቅርፊቷ እንደምናውቃት ኤሊ ደረቅ ድንጋይ የመሰለ ሳይሆን በቆዳ የተሸፈነ ነው፤ ክብደቷ ደግሞ ከ150 ኪሎ ግራም በላይ ነበር። የሳይንስ ስሟ ራፌተስ ስዊንሆኢ ይባላል። በዚያው ዘመን በቻይና ሱዡ ከተማ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ አንድ ያረጀ ወንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ከቻንግሻ ከተማ አንዲት ሴት አምጥተው አጣመሩት፤ እንቁላል ጣለች፣ ግን አንዱም አልተፈለፈለም።

እዚህ ላይ ነው ጭቅጭቁ የሚመጣው። አንዳንድ የቬትናም ተመራማሪዎች አጥንቱን አይተው «የእኛዋ ከቻይናዋ የተለየች ዝርያ ናት» በማለት ከንጉሡ ስም ወስደው ሌሎይ የሚል መጠሪያ ሰጧት። ነገሩ የስም ክርክር ብቻ ሊመስል ይችላል። አይደለም እኮ! ሁለት ዝርያዎች ከሆኑ የቬትናሟን ከቻይናው ወንድ ጋር ማጣመር ሁለቱንም ማበላሸት ነው። አንድ ዝርያ ከሆኑ ደግሞ አለማጣመር የመጨረሻውን ዕድል መጣል ነው። በአጥንት ቅርጽና በቅርፊት ቀለም ይህን መፍረድ አስቸጋሪ ነው፤ ኤሊ ከዕድሜዋ ጋር መልኳ ይለዋወጣልና።

ስለዚህ ወደ ደሟ መሄድ ግድ ሆነ። በእንስሳት ላይ ይህን ሥራ በሰፊው ያስተዋወቀው ዘዴ የዲ.ኤን.ኤ. ባርኮድ ይባላል። ቃሉ የተወሰደው ከሱቅ ነው። በሳሙና ወይም በብስኩት ማሸጊያ ላይ የታተሙትን ጥቁርና ነጭ መስመሮች ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ ማሽኑ መስመሩን ያይና ዕቃው ምን እንደሆነ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2003 በካናዳ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ፖል ኼበርትና ባልደረቦቻቸው ለእንስሳትም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። የመረጡት በማይቶኮንድሪያ ውስጥ የሚገኘውን ሲ.ኦ.አይ. የተባለ ዘረመል ሲሆን፣ ከእሱም የሚነበበው 650 ያህል ፊደል ብቻ ነው። ለምን ማይቶኮንድሪያ? በአንድ ህዋስ ውስጥ ኑክሊየሱ አንድ ሲሆን ማይቶኮንድሪያው ግን ብዙ ስለሆነ፣ ከትንሽ ወይም ከተበላሸ ናሙናም ቢሆን የማግኘት ዕድል አለ። ከዚህም ሌላ ዘረመሉ በአንድ ዝርያ ውስጥ እምብዛም አይለያይም፤ በዝርያና በዝርያ መካከል ግን አብዛኛውን ጊዜ በደንብ ይለያያል። ኤሊ እዚህ ላይ ትንሽ ታስቸግራለች። ማይቶኮንድሪያዋ ከብዙ እንስሳት ይልቅ በዝግታ ይለወጣል፤ ቀርፋፋነቷ በእርምጃ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከኤሊዋ ጥቂት ደም ወይም ቁራጭ ቆዳ ተወስዶ በአልኮል ይቀመጣል። ህዋሱ ተሰብሮ ዲ.ኤን.ኤ. ይወጣል፤ የሚፈለገው ክፍል ደግሞ ፒ.ሲ.አር. በተባለ ዘዴ ይባዛል። ናሙናው እስከ 94 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ሁለቱ የዲ.ኤን.ኤ. ክሮች ይለያያሉ፤ ወደ 50 ዲግሪ ገደማ ሲቀዘቅዝ መነሻ ቁራጮቹ ይያያዛሉ፤ በ72 ዲግሪ ደግሞ አዲስ ክር ይሠራል። ሒሳብ የምታስተምሩ ልብ በሉ፦ በእያንዳንዱ ዙር እጥፍ ከሆነ ከ30 ዙር በኋላ አንዱ ቅጂ 1,073,741,824 ይሆናል። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ አራት እያልን ስንጽፍ ሰሌዳው አልበቃንም። በመጨረሻ ፊደላቱ ተነብበው ቀድሞ ከታወቁ ዝርያዎች መዝገብ ጋር ይነጻጸራሉ።

ወደ ቬትናም እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት፣ ባርኮዱን ብቻ ሳይሆን ሌሎች ዘረመሎችንም አስተያይቶ፣ የቬትናሟን ኤሊ የተለየች ዝርያ የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኘም። የሆዋን ኪየሟ ኤሊ ግን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2016 ሞተች። እ.ኤ.አ. በ2018 ሱዋን ካኝ ከተባለ ሌላ ሐይቅ ከተቀዳ ውሃ ውስጥ የዚችው ዝርያ ዲ.ኤን.ኤ. መገኘቱ ተገለጸ። ከውሃ! እንስሳዋ ሳትያዝ፣ ከገላዋ የረገፈው ብቻ ተነብቦ ማለት ነው። በኤፕሪል 2019 የሱዡዋ ሴት ሰው ሠራሽ የማዳቀል ሙከራ በተደረገላት ማግስት ሞተች። በኦክቶበር 2020 ደግሞ በሃኖይ አቅራቢያ በዶንግ ሞ ሐይቅ 86 ኪሎ የምትመዝን አንዲት ኤሊ ተያዘች፤ ሴት መሆኗ ታወቀ፣ ደሟም ተመርምሮ ስሟ ተረጋገጠ። ወንዱ በሱዡ፣ ሴቷ በዶንግ ሞ፣ ዝርያቸው አንድ። ግን ሳይገናኙ በኤፕሪል 2023 በዚያው በዶንግ ሞ አንዲት ሴት ሞታ ተገኘች። ይህን ስናነብ ከመካከላችን የተከዘ ነበር፤ ስም እስኪጣራ ያለፈው ዓመት ለኤሊዋ ዕድሜ ነበራ።

ይሁን እንጂ ባርኮድን እንደ መጨረሻ ዳኛ አድርገን ብናስተምር ተማሪን እናሳስታለን። ከሁሉ የሚከፋው ጉድለቱ ማይቶኮንድሪያ ከእናት ብቻ የሚወረስ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ከቻይና የንግድ ገበያ በተገኙ ኤሊዎች ላይ ተመሥርቶ ሞሬሚስ አይቨርሶኒ የሚባል «አዲስ ዝርያ» ተሰየመ። ብርቅ ነው ተብሎም ተፈለገ። አሥር ዓመት ቆይቶ ዲ.ኤን.ኤ.ው ሲታይ የሁለት ዝርያዎች ዲቃላ ሆኖ ተገኘ፤ ይህን ለማወቅ የረዳው ደግሞ ከማይቶኮንድሪያው ሌላ ከሁለቱም ወላጅ የሚወረሰውን መመልከት ነው። ባርኮዱን ብቻ ያየ ሰው የእናቲቱን ስም ጽፎ ይሄዳል፤ አባትየውን አያየውም።

ሁለተኛው ጉድለት መዝገቡ ነው። በመዝገብ ያልገባ ዝርያ ስሙ አይወጣም። በእኛ አካባቢ ያለውን ብንመለከት፣ ፔሎሜዱሳ የምትባለው የአፍሪካ የውሃ ኤሊ ለረጅም ጊዜ ከሰሐራ በስተደቡብ ሁሉ አንድ ዝርያ ናት ስትባል ኖራለች። እ.ኤ.አ. በ2014 የዲ.ኤን.ኤ. ጥናትን መሠረት ባደረገ ክለሳ ወደ አሥር ዝርያዎች ተከፈለች። ከእነዚህ አንዷ ጀርመናዊው ተጓዥ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1835 ከኤርትራ በተገኘ ናሙና ገሃፊ ብሎ የሰየማት ናት፤ ስሟ ከ170 ዓመት በላይ ቆይቶ እንደገና ተነሣ።

ላቦራቶሪ በሌለበት ክፍል ይህን በወረቀት ቁራጭ ማስተማር እንደሚቻል እኛው እርስ በርሳችን ሞክረን አይተናል። አራቱን ፊደላት ኤ፣ ቲ፣ ጂ፣ ሲ ብለን ጻፍን፤ ሦስት የታወቁ ኤሊዎችና አንዲት ያልታወቀች፦

ሀ፦ ኤ ቲ ጂ ጂ ሲ ኤ ቲ ቲ ሲ ጂ ኤ ኤ
ለ፦ ኤ ቲ ጂ ኤ ሲ ኤ ቲ ሲ ሲ ጂ ኤ ኤ
ሐ፦ ኤ ሲ ጂ ጂ ሲ ቲ ቲ ቲ ሲ ጂ ኤ ጂ
ያልታወቀችው፦ ኤ ቲ ጂ ኤ ሲ ኤ ቲ ሲ ሲ ጂ ኤ ጂ

ልዩነቱን ስትቆጥሩ ከሀ ሦስት፣ ከለ አንድ፣ ከሐ አራት ታገኛላችሁ። አብዛኞቻችን «ለ ናት» ብለን ጨረስን። ያ ያሳቀን ጓደኛችን ግን «አባቷ ሀ ቢሆንስ? በመዝገቡ የሌለች የለ እህት ብትሆንስ?» ብሎ ጠየቀ። ወረቀቶቹ ከዚህ ጋዜጣ ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ ናቸው። ለሁለቱ ጥያቄዎች ምን ዓይነት ተጨማሪ ናሙና እንደሚያስፈልግ የሚያስቡትን ጽፋችሁ ጨምሩልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።